እንግሊዝኛ ለማይችሉት እናትሽ፦ ከጅማ ቶሮንቶ በፍራንክፈርት

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። እናትሽ ከጅማ ተነስተው፣ በአዲስ አበባና በፍራንክፈርት አድርገው ቶሮንቶ ወንድምሽ ጋ ሊሄዱ ነው። ብቻቸውን ናቸው። አማርኛና ኦሮምኛ እንጂ እንግሊዝኛ አይችሉም። ፍራንክፈርት ላይ ስድስት ሰዓት ይጠብቃሉ። "ይጠፉብን ይሆን?" ነው ያልሽው። እኔም እናቴን በዚሁ መንገድ ሸኝቻለሁ፤ ራሴም ተመላልሼበታለሁ። እናቴ አልጠፋችም። የጠፋሁት እኔ ነኝ፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

መጀመሪያ ሰዓቱን እንጨርስ። ከቋንቋ በላይ ሰው የሚያስቀረው ሰዓት ነው። ትኬታቸው ላይ ሴፕቴምበር 18፣ 00:40 ይላል ብለሻል። በኛ መስከረም 8 መሆኑ ነው፤ ሰዓቱም ከሌሊቱ 6:40። ግን መስከረም 8 ማታ ቦሌ ብትደርሱ አውሮፕላኑ ከሄደ ሙሉ ቀን ሊሆነው ነው። የሚበሩት መስከረም 7 ለ8 አጥቢያ ነው። ስለዚህ መስከረም 7 ማታ 3 ሰዓት ላይ ቦሌ በር ላይ ይሁኑ። ሰፈራችን ውስጥ ተመርቆ፣ ተለቅሶለት ሄዶ በማግስቱ የተመለሰ ልጅ አለ። ምክንያቱ ይቺው 00 ናት።

ከጅማ ደግሞ በዚያው ቀን እንዳይነሱ። መስከረም መጀመሪያ ላይ የጅማን ሰማይ ታውቂዋለሽ፤ ደመናው ሲከብድ በረራ ሊዘገይ ይችላል። በመኪናም 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጊቤ በረሃ ላይ ጎማ ቢፈነዳ ማን ይደርስላቸዋል? አንድ ቀን ቀድመው አዲስ አበባ ዘመድ ጋ ይደሩ። የጅማው በረራ ለብቻው የተቆረጠ ትኬት ከሆነ፣ የአገር ውስጡ ተርሚናል 1 ላይ ሻንጣቸውን ተቀብለው ይወጣሉ። የውጭው በረራ በተርሚናል 2 ነው፤ እዚያው ግቢ ውስጥ ነው።

ቦሌ ስትደርሱ ሸኚ ወደ ውስጥ አይገባም። ስንብቱ እውጭ ያልቃል። ስለዚህ የምትነግሪያቸውን ሁሉ ቤት ንገሪያቸው፤ በር ላይ እንባ እንጂ ምክር አይሰማም።

ቼክ ኢን ላይ ሻንጣ ሲያስረክቡ ሁለት ነገር ይዩ። አንደኛ፣ ቦርዲንግ ፓሱ ሁለት መሆን አለበት፤ አንዱ እስከ ፍራንክፈርት፣ ሌላው እስከ ቶሮንቶ። ሁለተኛውን ካልሰጧቸው ሳይሄዱ ይጠይቁ። ሁለተኛ፣ ሻንጣው ላይ የሚለጠፈው ወረቀት የቶሮንቶ ምልክት ይኑረው፤ ዋይ ዋይ ዜድ። እነዚህን ሦስት ፊደላት በትልቁ ጽፈሽ ስጫቸው። ማንበብ አይጠበቅባቸውም፣ ማመሳሰል ነው። ኤርፖርት እኮ የቋንቋ ቦታ መስሎን እንፈራለን እንጂ ሥራው ሁሉ በፊደል፣ በቁጥርና በሥዕል ነው። ቁጥሩን ደግሞ እናትሽ ከብርና ከስልክ ያውቁታል።

ትራንዚት ቪዛን በተመለከተ፣ የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው በሼንገን (በመካከላቸው የድንበር ፍተሻ የሌላቸው የአውሮፓ አገሮች) ኤርፖርት ለማለፍም የኤርፖርት ትራንዚት ቪዛ ያስፈልገዋል። ጊዜው ያላለፈ የካናዳ ቪዛ ያለው ግን ከዚህ ነጻ ነው። እናትሽ ቪዛው ፓስፖርታቸው ላይ ስላለ አትጨነቂ፤ የአረብ አገር ቪዛ ብቻ የያዘ መንገደኛ ግን "እነሱ አለፉ" ብሎ እንዳይከተላቸው።

ፍራንክፈርት የሚደርሱት ጠዋት 1 ሰዓት ግድም ነው፤ በዚያ ሰዓት አቆጣጠር 07:00 ማለት ነው። በእጃቸው ሰዓት ግን 2 ይላል፤ በዚያ ወቅት ከኛ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው። ሰዓታቸውን አይንኩት! አንቺ የቶሮንቶው በረራ ከፍራንክፈርት የሚነሳበትን 13:05 ወደ ኢትዮጵያ ሰዓት ቀይሪና ጻፊላቸው፤ ከቀኑ 8:05 ይሆናል። ከ7 ሰዓት ጀምሮ በሩ ጋ ይቀመጡ።

ከአውሮፕላን ሲወርዱ ሻንጣ የተሣለበትን ምልክት አይከተሉ። እሱ መውጫ ነው፤ ጀርመን ሊያስገባቸው ነው። አውሮፕላን የተሣለበትንና የበር ፊደል ያለበትን ይከተሉ። መንገድ ላይ እንደገና ፍተሻ አለ። ተርሚናል 1 ውስጥ በሮቹ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እና ዜድ ይባላሉ። ኤ እና ዜድ አንድ ሕንጻ ላይ ናቸው፤ ዜድ ከላይ። ኤ ለሼንገን አገሮች ስለሆነ እዚያ ከተገኙ መንገድ ስተዋል። ስክሪኑ ላይ የበረራ ቁጥራቸውን ይፈልጉ። አንድ አውሮፕላን ሁለት ሦስት ቁጥር ሊኖረው ይችላል፤ ቁጥሮቹ እየተቀያየሩ ስለሚመጡ ትንሽ ቆም ብለው ይጠብቁ።

አሁን ወደ እኔ ጉድ ልምጣ። ቦርዲንግ ፓሴ ላይ የቢ በር ነበር። ሄድኩ፣ አገኘሁት፣ ኮራሁ። ጋቢዬን ተከናንቤ እንቅልፍ ወሰደኝ። በሩ ተቀይሮ ኖሯል። በድምፅ ማጉያ የአንድ ሽማግሌ ስም ደጋግመው ይጠራሉ፤ በህልሜ "እኚህ ሰውዬ ምነው አይሄዱም?" እላለሁ። የሚጠሩት የአያቴን ስም ነበር! ፓስፖርቴ ላይ የመጨረሻው ስም የአያቴ ነዋ። ብንን ስል ስክሪኑ ላይ የማላውቀው ከተማ ስም አለ። ያን ቀን የሮጥኩትን ሩጫ ጅማ ጅሬን ዳገት ላይም ሮጬው አላውቅም። በሩ ሊዘጋ ሲል ደረስኩ። ስለዚህ እናትሽ በየግማሽ ሰዓቱ ስክሪኑን ይዩ፤ "በአያቴ ስም ልጠራ እችላለሁ" ብለውም ይወቁ።

ለዚህ ሁሉ ግን መላ አለው፤ ዊልቸር። ጉልበታቸውን ያማቸዋል ብለሻል። ትኬቱን የቆረጣችሁበት ጋ ቢያንስ ከ48 ሰዓት በፊት ደውለሽ አስመዝግቢ፤ በነጻ ነው። እናቴ "ሽባ ነኝ እንዴ?" ብላ ተቆጥታ ነበር፤ በኋላ ግን ፍተሻው ላይ ከሰልፍ ፊት ሲያሳልፏት ጸጥ አለች። አንድ ነገር አስጠንቅቂያቸው። ፍራንክፈርት ላይ መቆያ ቦታ አስቀምጠዋቸው ሊሄዱ ይችላሉ። "ተረሳሁ" ብለው ተነስተው እንዳይሄዱ፤ በሰዓቱ መጥተው ይወስዷቸዋል።

ቦሌ መሳፈሪያው ላይ ሲቀመጡም አጠገባቸው ያለውን "ወዴት ነዎት?" ብለው ይጠይቁ። የቶሮንቶ መንገደኛ አይጠፋም። አብሮ መሄድ እሺ፤ "ይቺን ቦርሳ ያዙልኝ" ያለን ግን የማርያም ጠበል ነው ቢልም እንቢ ይበሉ።

ዕቃው ላይ አልቆይም። ማርና ቅቤ በእጅ ሻንጣ አይገባም፤ ከ100 ሚሊ ሊትር በላይ ፈሳሽና ቅባት ነገር ፍተሻ ላይ ሊቀር ይችላል። እኔ ሁለት ኪሎ የጅማ ነጭ ማር አስረክቤያለሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ትልቁ ሻንጣ ውስጥ፣ በላስቲክ ደጋግመሽ ጠቅልለሽ። ፓወር ባንክ ደግሞ በተቃራኒው በእጅ ብቻ። ኪሎውን ሰፈር ያለ ቡና ነጋዴ ሚዛን ላይ መዝኚው፤ ቼክ ኢን ላይ ሰው ፊት ሻንጣ ከፍቶ በርበሬ ማውጣት ያሳፍራል።

ቶሮንቶ ሲደርሱ የያዙትን ምግብ ሁሉ ያሳውቁ። ዝርዝሩን በእንግሊዝኛ ጽፈሽ ፓስፖርታቸው ውስጥ አድርጊው፤ የወንድምሽን አድራሻና ስልክም እዚያው ላይ። ወንድምሽ ደግሞ ተርሚናሉን ከትኬቱ ይይ፤ የቶሮንቶው ኤርፖርት ፒርሰን ተርሚናል 1 እና 3 እንጂ 2 የለውም። የኔ ወንድም 3 ሄዶ ቆሞ እናቴ 1 ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ሻንጣዋ ላይ ተቀምጣ ጠብቃዋለች።