ስለ አበባ ወንዴና ሴቴ ጠይቁኝ

ባዮሎጂ አስተምራለሁ። አሁን አራት ኪሎ አንድ ካፌ ተቀምጫለሁ። ጠረጴዛዬ ላይ መንገድ ዳር የገዛኋት ጽጌረዳ አለች። ጠይቁኝ።

ጥያቄ፦ መምህር፣ አበባ ውስጥ ወንዴው እዚህ፣ ሴቴው እዚያ ይብቀል ብሎ የሚወስነው ምንድን ነው?

መልስ፦ ጂኖች ናቸው። አበባ ከውጭ ወደ ውስጥ አራት ቀለበት አላት፦ አረንጓዴው መሸፈኛ፣ ባለቀለሙ ቅጠል፣ ብናኝ የሚሰጠው ወንዴው፣ መሃል ላይ ዘር የሚይዘው ሴቴው። “ኤ”፣ “ቢ” እና “ሲ” የተባሉ ሦስት የጂን ቡድኖች ቦታውን ይከፋፈላሉ። “ኤ” ብቻውን ከሠራ መሸፈኛ ይበቅላል። “ኤ” ከ“ቢ” ጋር ባለቀለሙን ቅጠል፣ “ቢ” ከ“ሲ” ጋር ወንዴውን፣ “ሲ” ብቻውን ሴቴውን ያወጣሉ። በቃ፣ ይኸው ነው! የዕፅዋት ተመራማሪዎቹ ኤንሪኮ ኮኤን እና ኤሊየት ሜየሮዊትዝ ይህን እ.ኤ.አ. በ1991 ሲጽፉ የብዙ ዓመት እንቆቅልሽ ተፈታ። ቀላልነቱ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ጥያቄ፦ ቀጋ አምስት ነጭ ቅጠል ብቻ ነው ያላት። ፒያሳ የምንገዛው ጽጌረዳ ግን ድርብርብ ነው። ለምን?

መልስ፦ ቀጋ የዱር ጽጌረዳችን ናት፤ መሃሏን ብታዩት በቢጫ ወንዴዎች የተሞላ ነው። በድርብርቡ ጽጌረዳ ግን “ሲ” የሚሠራበት ቦታ ወደ መሃል ጠቧል። በለቀቀው ቦታ “ኤ” ይገባል። ስለዚህ ወንዴ መሆን የነበረበት ቅጠል ይሆናል። የኔን ጽጌረዳ አንድ በአንድ እየላጥኩ ነው። ወደ መሃል ስደርስ ቀጭን፣ ጠመም ያለች ቅጠል አገኘሁ፤ ጫፏ ላይ ቢጫ እብጠት አለ። ግማሿ ወንዴ፣ ግማሿ ቅጠል ናት።

ጥያቄ፦ “ሲ” ጭራሽ ባይሠራስ?

መልስ፦ ወንዴም ሴቴም አይኖርም። “ሲ” አበባዋን “አሁን ይበቃሻል” የሚላትም እሱ ነው። እሱ ከሌለ አበባ ውስጥ ሌላ አበባ፣ በዚያ ውስጥ ደግሞ ሌላ እየወጣ ይቀጥላል። ዘር የለም።

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ ነኝ። እናቴ ባቱ ከተማ የተከለችው ፓፓያ ያብባል እንጂ አያፈራም። ይቆረጥ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አበቦቹ ትንንሽ ሆነው ረጅም ዘንግ ላይ ተንጠልጥለው ከሆነ ዛፉ ወንዴ ነው። የፓፓያ ጾታ እንደ ሰው በክሮሞሶም ይወሰናል። እማማ ሌላ ሴቴ ዛፍ ካላቸው ግን አያስቆርጡት፤ ብናኙ ያስፈልጋታል።

ጥያቄ፦ አደይ አበባስ ስንት ወንዴ አላት?

መልስ፦ አደይ አንድ አበባ አይደለችም! መሃሏ ላይ ያለው እያንዳንዱ ቢጫ ነጥብ የራሱ ወንዴና ሴቴ ያለው ሙሉ አበባ ነው። መስከረም ሲጠባ አንዷን በመርፌ ፈልቅቃችሁ እዩ።