የደረጃው መደገፊያ ተነቅሎ ለወደቁት እናት

እህቴ፣ እናትሽን እግዜር ይማርልሽ። የተከራያችሁት ሕንፃ የደረጃ መደገፊያ ተነቅሎ ወድቀው እጃቸው ተሰበረ፣ የት አቤት ልበል ብለሻል። አከራዩ «አላወቅኩም ነበር» ብሎ አያመልጥም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2077 ሕንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ ያልታሰበ ቢሆን እንኳ፣ ባለቤቱን ኃላፊ ያደርጋል።

ዛሬውኑ ብረቱን ፎቶ አንሺው። የዛገው ብየዳ በደንብ ይታይ። እኛ ስንዘገይ አከራያችን በማግስቱ አስበይዶ ቀለም ቀባው፤ ማስረጃችን በዚያው ጠፋ። ያዩ ጎረቤቶችን ስልክ ያዢ። የሐኪም ማስረጃና የመድኃኒት ደረሰኝ አንድም እንዳይጠፋ።

ለጠበቃ አቅም ካነሰ፣ የዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርም ሴቶችን በነፃ ያግዛል። ሽማግሌ ይግባ ቢሉሽ እሺ በይ፤ ግን ቀኑን ቁጠሪ። ክሱ ከጉዳቱ ጀምሮ በ2 ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።