ካርታ ማለት ፕላን ማለት አይደለም፦ የግንባታና የሰፈር ጥያቄና መልስ

ሰላም ለሁላችሁ። ቃል በገባሁት መሠረት ዛሬ ጥያቄ እቀበላለሁ። ለማታውቁኝ፣ አርክቴክት ነኝ። 22 ዓመት የሰው የግንባታ ሥዕል ስመረምር ኖሬአለሁ። አሁን በግሌ የሰፈር ፕላንና የውሃ መውረጃ እሠራለሁ። ከመጠየቃችሁ በፊት ቦታው የት እንደሆነ፣ ስንት ካሬ እንደሆነና ወደየት እንደሚያዘቀዝቅ ጻፉልኝ። የካሳ፣ የውርስና የፍርድ ቤት ጉዳይ ያላችሁ ጠበቃ ጠይቁ፤ እኔ ብመልስ አሳስታችኋለሁ።

የጎሮ ነዋሪ፦ ጋሼ ጤና ይስጥልኝ። ጎሮ 150 ካሬ አለኝ፣ ካርታው በስሜ ነው። ጂ ፕላስ ሦስት፣ ማለትም ከምድር ቤቱ በላይ ሦስት ፎቅ፣ ልሠራ አስቤአለሁ። ፕላን ለማሠራት ስንት ይፈጃል?

መልስ፦ ዋጋውን ለጊዜው ተወው። የፕላን ስምምነት አውጥተሃል? ካላወጣህ ለማንም አንድ ብር እንዳትከፍል። እኛ ዘንድ «ፕላን» የሚለው ቃል ብዙ ሰው አክስሯል። የቤቱን ሥዕልም ፕላን እንላለን፣ ካርታውንም ፕላን እንላለን፣ ከተማው ያወጣውንም ፕላን እንላለን። ካርታህ የሚነግርህ ቦታው ያንተ መሆኑን፣ ስፋቱንና ወሰኑን ነው። የፕላን ስምምነቱ ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ ምን መሥራት እንደምትችል ይነግርሃል። ለመኖሪያ ነው ለንግድ? እስከ ስንት ፎቅ? ከመንገዱና ከጎረቤት ስንት ሜትር ትለቃለህ? መንገዱስ ይሰፋል ወይ? ሥዕሉን አሠርቶ፣ ከፍሎ ከጨረሰ በኋላ የግቢው ፊት ለመንገድ መያዙን የሚሰማ ሰው ስንት ጊዜ ጠረጴዛዬ ፊት ተቀምጦ አልቅሷል። ካርታ ማለት ፕላን ማለት አይደለም። ይህን ዛሬ ደጋግሜ እላለሁ፣ አትሰልቹ።

ሲኤምሲ፦ ጋሽዬ፣ መሬታችን ጥቁር አፈር ነው። መሠረቱን ስንት ሜትር እንቆፍር?

መልስ፦ በጽሑፍ ቁጥር አልሰጥሽም። ዋልካ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ቤቱንም አብሮ ያነሣዋል፣ ያወርደዋል። የአፈር ምርመራ አስደርጊና ውጤቱን ለስትራክቸር መሐንዲስ ስጪው። ጎረቤት ሁለት ሜትር ቆፍሯል ብለሽ ሁለት ሜትር እንዳትቆፍሪ።

ፈረንሳይ ለጋሲዮን፦ ከላያችን ያለው ጎረቤት ግቢውን በሙሉ ታይልስ ካደረገ ወዲህ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃው በአጥራችን ሥር ሰርጎ ሳሎን ይገባል። አጥሩን በድንጋይ ከፍ አድርገን ልናጥር ነው። ይሻላል?

መልስ፦ አይሻልም። እባካችሁ አትቸኩሉ። ይሄ ጥያቄ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው የምፈልገው ነው።

አዲስ አበባ ቁልቁለት ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው፣ አቃቂ ስትደርሱ ወደ 2,100 ገደማ ትወርዳላችሁ። ቀበናም፣ ግንፍሌም፣ ባንትይቀጡም ወደ ደቡብ የሚወርዱት ለዚህ ነው። በዓመት ከ1,100 ሚሊ ሜትር በላይ ዝናብ እናገኛለን፣ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይጥላል። አሁን ሒሳቡን አብረን እንሥራ። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ካሬ ላይ ሲወርድ 1 ሊትር ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ 30 ሚሊ ሜትር ቢጥል፣ በጣሪያና በታይልስ የተሸፈነ 150 ካሬ ግቢ 4,500 ሊትር ውሃ ያወጣል። ባለ 200 ሊትር በርሜል 22 ሞልቶ ይተርፋል። ይህ ከአንድ ግቢ ብቻ ነው፤ ከእናንተ በላይ ስንት ግቢ እንዳለ ቁጠሩ። ድሮ የጓሮው አፈር፣ ጎመኑና የኮባው ሥር አንዱን እጅ ይጠጣው ነበር። አሁን የሚጠጣ የለም።

ሥዕል ስመረምር መጀመሪያ የማየው የጣሪያውን ገጽ ነበር። አሸንዳው ይሳላል፣ ወደ ታች የሚወርደው ቱቦ ይሳላል፣ ከቱቦው አፍ አንዲት ቀስት ትወጣለች። ቀስቷ የይዞታ መስመሩ ላይ ስትደርስ ታበቃለች። ከዚያ ወዲያ ምን ይሆናል? አርክቴክቱን ጠርቼ «ውሃው ከዚህ ወዴት ይሄዳል?» እለዋለሁ። «ወደ ውጭ» ይለኛል። ውጭ ማለት የሰው ሳሎን ነው።

አጥሩን በድንጋይ ብትዘጉት ውሃው ከኋላው ይጠራቀምና ይገፋዋል። በየክረምቱ ግንብ ተደርምሶ ሰው ሞተ ሲባል የምትሰሙት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ግንቡ ግድ ከሆነ በመሐንዲስ ይሠራ፣ ውሃ የሚተነፍስበት ቀዳዳ ይኑረው፣ ከኋላውም ጠጠር ይሞላ። ከዚያ በፊት ግን ጎረቤታችሁን ቡና ጠርታችሁ አነጋግሩት። በአጥሩ ሥር አንድ ዲች (የውሃ መውረጃ ቦይ) በጋራ ወጪ እስከ መንገዱ ማፍሰሻ ድረስ አውጡ። እሱም ከአጥሩ ጥግ አንድ ሜትር ታይልስ አንሥቶ አፈሩን ይክፈተው፣ የጣሪያውን ውሃ ሮቶ ውስጥ ያጠራቅም። እምቢ ካለ ዝናብ እየጣለ ቪዲዮ ቅረጹና ወረዳ አመልክቱ። መሬት ልትገዙ ያሰባችሁም ስሙኝ፦ ቦታ በጥር አይታይም። ሐምሌ ላይ፣ ዝናብ እየጣለ፣ ጃንጥላ ይዛችሁ ቁሙበት።

አንድ አባል፦ ጋሼ፣ የእኛ ሰፈር ይፈርሳል?

መልስ፦ የትኛው ሰፈር?

ሌላ አባል፦ የእኛስ? ኮሪደሩ ይደርስብናል ይባላል።

መልስ፦ «ይባላል» የሚል ነገር አልመልስም። የኮሪደር ልማቱ በ2016 ዓ.ም. ከፒያሳና ከአራት ኪሎ ወገን ሲጀመር ጀምሮ በቀን አሥር ጊዜ ይሄን ነው የምጠየቀው። ካርታችሁን ይዛችሁ ክፍለ ከተማ ሂዱ፣ የአካባቢያችሁን ልማት ፕላን አሳዩን በሉ፣ ፕላኑ ላይ ግቢያችሁ በምን ቀለም እንደተቀባ፣ ቀለሙም ለምን አገልግሎት እንደሆነ በዓይናችሁ እዩ። ከደላላ አትስሙ።

የካዛንቺስ ልጅ፦ እኔ ጥያቄ ሳይሆን ቅሬታ ነው ያለኝ። ከካዛንቺስ ተነሥተን ዳር ወጥተናል። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ እግዜር ይስጥልን። ግን ስድስት ወር ሙሉ «ቡና ጠጡ» ብሎ በሬን ያንኳኳ ሰው የለም።

ሽሮሜዳ፦ ወንድሜ፣ እኔ ያደግሁበት የቀበሌ ቤት ለ11 አባወራ አንድ ሽንት ቤት ነበር። እናቴ ሌሊት ፋኖስ ይዛ በጭቃ ስትሄድ ወድቃ እጇ ተሰብሯል። እስቲ አሁን ያንን ሰፈር ናፍቅ በለኝ።

የካዛንቺስ ልጅ፦ ሽንት ቤቱ ናፈቀኝ አላልኩም። ሰዉ ነው የናፈቀኝ።

ባለ ኮንዶሚኒየም፦ ሰዉማ እኛ ጋም አለ፣ መቀመጫ ነው የጠፋው። የብሎካችን ኮሚቴ ልጆች የሚጫወቱባትን ቦታ ፓርኪንግ አደረጋት።

ሦስተኛ ፎቅ፦ መኪናውንስ የት እናቁም? ውጭ ስናሳድር ጎማ ይፈታል። ልጆች ደግሞ ኳሳቸው መስታወት ይሰብራል።

ባለ ኮንዶሚኒየም፦ ስምንት መኪና ነው ያለው፤ ልጆቹ ከሃምሳ በላይ ናቸው! ደግሞ ኮሙናሏን ለሱቅ ያከራያችኋት እናንተ አይደላችሁም?

መልስ፦ በቃ፣ ቆም በሉ። ሰው ስለ ውሃ እየጠየቀ እናንተ ስለ ጎማ ትጣላላችሁ። ግን የተነሣው ነገር ትልቅ ነው፣ አላልፈውም።

የድሮው ሰፈር የጎሰቆለው አቀማመጡ መጥፎ ስለነበረ አይደለም። የሚጠግነው ባለቤት ስላጣ ነው። በ1967 ዓ.ም. አዋጅ 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ለቀበሌ ተሰጡ። ኪራዩ በጣም ትንሽ ነበር፣ በዚያ ገንዘብ ጣሪያ አይቀየርም። ዓመታት አለፉ፣ ጭቃው ረገፈ፣ ቆርቆሮው ዛገ። ስለዚህ ሽሮሜዳ፣ የእናትህን እጅ የሰበረው ጉርብትናው አይደለም፣ ቸልተኝነቱ ነው። ይህን ለይተን ካላየን ጭቃውን ስንጥል ጉርብትናውንም አብረን እንጥላለን።

ኮንዶሚኒየም ሲታቀድ ይሄ ተረስቶ አልነበረም። በየግቢው ኮሙናል የምንለው ቤት የተሠራው ለበግ ማረጃ፣ ለእንጀራ መጋገሪያና ለልብስ ማጠቢያ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ በግ እንደማይታረድ ያሰበ ሰው ነበር ማለት ነው። ያንን ቤት ለሱቅ ስታከራዩት ያጠፋችሁት ሰው ከሰው የሚገናኝበትን ቦታ ነው። አዋጅ 370/1995 የጋራ መጠቀሚያው የባለቤቶቹ ሁሉ እንደሆነ ይናገራል። ጠቅላላ ጉባኤ ጥሩና መተዳደሪያ ደንባችሁን አውጥታችሁ አንብቡ። ስለ ፓርኪንግ ከዚህ በኋላ አልመልስም።

ከዋሽንግተን ዲሲ፦ ሰላም፣ ከሪል እስቴት አፓርታማ ልገዛ ነው። በላኩልኝ ቪዲዮ ላይ መናፈሻና መዋኛ አለ። ማመን እችላለሁ?

መልስ፦ ቪዲዮ ማስታወቂያ ነው። ማኅተም ያረፈበትን ሳይት ፕላን፣ ማለትም የግቢውን ጠቅላላ አቀማመጥ የሚያሳየውን ሥዕል፣ ጠይቂ። መናፈሻው እዚያ ላይ አለ? የማን ይዞታ ላይ ነው? የወንዝ ዳር ወይም የመንገድ ማስፊያ ላይ ተስሎ ያየሁት መናፈሻ ብዙ ነው። ያንቺም ውል ላይ በግልጽ ይጻፍ። እዚህ የምታምኚው ሰው ሄዶ በዓይኑ ይይልሽ። አሁንም እላለሁ፣ የሻጩ ካርታ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ የተፈቀደለትን ፎቅና አገልግሎት እዪ።

አዳማ መንገድ፦ የመሬት መንቀጥቀጡ ነገርስ? ባለፈው ስንት ሌሊት ፈርተን አደርን።

መልስ፦ በታኅሣሥና በጥር 2017 ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የመጣው እኔንም ቀስቅሶኛል። ግን መልሱ የስትራክቸር መሐንዲስ ነው። አንድ ነገር ብቻ፣ ለሱቅ ይመቸኝ ብላችሁ የምድር ቤቱን ግድግዳና ኮለን (ምሰሶ) ያለ መሐንዲስ አትንኩ።

የሰፈር ኮሚቴ፦ ጋሼ፣ የአካባቢ ልማት ፕላን ሊያሳዩን ስብሰባ ጠርተውናል። ባለፈው ሄደን አጨብጭበን ተመለስን። ምን ብለን እንጠይቅ?

መልስ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ይሄን የሚጠይቅ ሰው ስጠብቅ ነበር። የከተማ ፕላን አዋጅ 574/2000 ለአንድ ከተማ ሁለት ዓይነት ፕላን ያውቃል። መዋቅራዊ ፕላን ከተማውን በሙሉ ያሳያል። የአካባቢ ልማት ፕላን ደግሞ የእናንተን ሰፈር፣ በርና መንገዳችሁን ጭምር። የምትኖሩት ሁለተኛው ውስጥ ነው፤ ስለዚህ ማስመሪያ ይዛችሁ ሂዱ። እንዳትስቁ። ሥዕሉ 1 ለ 500 ከሆነ 1 ሳንቲ ሜትር 5 ሜትር ነው። የውስጥ ለውስጡን መንገድ ለኩ፣ የእሳት አደጋ መኪና ገብቶ ይዞራል ወይ በሉ። የዝናቡ ውሃ ከየት ገብቶ በየት እንደሚወጣ ባለሙያው በጣቱ እየነካ ያሳያችሁ። 30 በመቶ አረንጓዴ፣ 30 በመቶ መንገድ፣ 40 በመቶ ግንባታ የሚለውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። አረንጓዴው የት ነው በሉ። የመንገድ አካፋይ ላይ ያለ ሣር ልጅ አያጫውትም።

አንድ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ስብሰባ ላይ ሥዕል አቅራቢው እኔ ነበርኩ። ግድግዳው ላይ ትልቅ ባለ ቀለም ወረቀት ለጥፈናል። ወጣቶቹ ስለ ፎቅ ብዛት ይከራከራሉ። አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ፣ ወረቀቱ ድረስ ሄዱ፣ ጣታቸውን ከብሎክ ብሎክ እያሳለፉ ብዙ አዩ። ከዚያ ዞር ብለው «ልጆቼ፣ ሰው የሞተ ዕለት የእድሩ ድንኳን የት ነው የሚተከለው?» አሉ። አዳራሹ ጸጥ አለ። አራት ባለሙያ ነበርን፣ አንዳችንም አላሰብንበትም። ሥዕሉ ላይ ባዶ የሚመስለው ሁሉ የመኪና ማቆሚያ ነበር። በሳምንቱ ሁለት ረድፍ ማቆሚያ አንሥተን መካከል ላይ 12 በ20 ሜትር ሜዳ ተውን። ዛሬ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ድንኳኑም ይተከልበታል፣ ሠርግም ለቅሶም አይቻለሁ።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም ጋሼ፣ ለ200 ካሬ ፕላን ማሠሪያ ስንት ነው?

መልስ፦ ከላይ ያለውን አንብብ። እለምንሃለሁ፣ አንብብ። የፕላን ስምምነት ሳታወጣ ዋጋ አትጠይቅ።

የጎሮ ነዋሪ፦ ጋሼ፣ እኔ ነኝ የመጀመሪያው። ያሉትን ሰምቼ የአባቴን ማኅደር ገለበጥኩ። በ2012 ዓ.ም. ያስወጡት የፕላን ስምምነት ተገኘ። ከመንገዱ በኩል ቀይ መስመር አለበት፣ «4 ሜትር ለመንገድ» ይላል። ትናንት ለሥዕል ሠሪው ቀብድ ልልክ ነበር።

መልስ፦ እንኳን አልላክህ። ወረቀቱ ቆይቷል፣ መስመሩ ተቀይሮ ሊሆን ይችላል፤ ሰኞ ጠዋት ሄደህ አዲስ አውጣ። 4 ሜትሩ ከጸና ጂ ፕላስ ሦስቱን ከኋላ አጥር ጀምረን እንደ ገና እናስበዋለን። ቀይ መስመሩን ፎቶ አንሥተህ በውስጥ ላክልኝ፣ የቦታውን ቁልቁለትም ጻፍልኝ።

የጎሮ ነዋሪ፦ ወደ ኋላ ነው የሚያዘቀዝቀው ጋሼ፣ ወደ ጎረቤት።

መልስ፦ እንግዲያው መጀመሪያ የምንስለው ዲቹን ነው።