ራም ከመግዛትዎ በፊት የድሮውን ነቅለው ያንብቡ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ ስለ ራም (ኮምፒውተሩ እየሠራበት ያለውን መረጃ ለጊዜው ስለሚይዝበት ተሰኪ ሰሌዳ) የሚጠይቁ በመሆናቸው፣ የፕሪንተርና የቫይረስ ጥያቄዎችን ለሌላ ጊዜ አቆይቼ እነዚህን አሳጥሬ አቅርቤያለሁ። ሱቅ ገብታችሁ «ሚሞሪ አላችሁ?» ብትሉ የስልክ ካርድ ሊቀርብላችሁ ስለሚችል፣ «ራም» ብላችሁ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከተበላሸ ላፕቶፕ የወጣ ራም ለዴስክቶፕ ይሆናል?

መልስ፦ አይሆንም፤ ርዝመቱ ግማሽ ያህል ስለሆነ መሰኪያው ላይ አይቀመጥም።

ጥያቄ፦ ሐዋሳ የሚኖሩ አንድ የሒሳብ ባለሙያ ሦስተኛ ትውልድ የኢንቴል ፕሮሰሰር ያለው ያገለገለ የቢሮ ዴስክቶፕ ገዝተዋል። «ይፈጥንልኛል» ብለው ባለ 16 ጂቢ ሁለት ራሞችን በሚያስገርም ርካሽ ዋጋ ገዝተው ቢሰኩ፣ ማራገቢያው ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ሻጩ «ማዘርቦርዱ ተበላሽቷል» ብሏቸዋል።

መልስ፦ የድሮውን ራም መልሰው ሲሰኩት ኮምፒውተሩ የሚነሣ ከሆነ ማዘርቦርድዎ ጤነኛ ነው። ችግሩ ከራሙ ላይ ገልብጠው በላኩልኝ መስመር ውስጥ ተጽፏል፦ «16ጂቢ 2አርኤክስ4 ፒሲ3ኤል-12800አር»። 16ጂቢ መጠኑ ነው። 2አርኤክስ4 ቺፖቹ የተደረደሩበትን መንገድ ይናገራል። ፒሲ3 ማለት ዲዲአር3 (ሦስተኛው የዲዲአር ራም ትውልድ) ሲሆን፣ ተከትላው ያለችው «ኤል» ደግሞ በ1.35 ቮልት መሥራት እንደሚችል ትገልጻለች። 12800 በሰከንድ የሚያስተላልፈው ሜጋባይት ነው፤ ሻጮች «1600» የሚሉትን ፍጥነት በ8 ቢያባዙ ይህንኑ ያገኛሉ። እስከዚህ ድረስ ምንም እንከን የለውም። ገንዘብዎን የበላችው የመጨረሻዋ ፊደል «አር» ናት፤ በዚህች ፊደል የሚያበቃ ራም የሰርቨር፣ ማለትም ብዙ ተጠቃሚዎችን በአንዴ የሚያገለግል ትልቅ ኮምፒውተር፣ ነው።

በሰርቨር ራም ላይ ከፕሮሰሰሩ የሚመጣውን ትእዛዝ ተቀብሎ ለቺፖቹ የሚያስተላልፍ ሬጂስተር የሚባል ተጨማሪ ቺፕ አለ። ሰርቨር በርካታ ራሞችን ስለሚሸከም ይህ አስተላላፊ ጫናውን ያቀልለታል፤ የቤትና የቢሮ ኮምፒውተር ግን ቺፖቹን ያለ አማላጅ የሚያነጋግር በመሆኑ እንዲህ ያለውን ራም አያውቀውም። ጽሑፉ ተፍቆ ወይም ተለጣፊው ተልጦ ከሆነ ጥቁሮቹን ቺፖች ይቁጠሩ። በተራው የዴስክቶፕ ዲዲአር3 ላይ በአብዛኛው በአንድ ገጽ 8 ታገኛላችሁ፤ በእርስዎ ላይ ግን በአንድ ገጽ 18 ሲሆኑ፣ መሐል ላይ ከሌሎቹ የተለየ ቺፕ ይታያል። ለዴስክቶፕ የሚሆነው በ«ዩ»፣ ለላፕቶፕ የሚሆነው በ«ኤስ» የሚያበቃው ነው።

ሻጩ ሆን ብሎ አታልሎዎታል ለማለት አልደፍርም። አገልግሎታቸውን የጨረሱ ሰርቨሮች ሲፈታቱ ራሞቻቸው ብዙ ገዢ ስለሌላቸው በርካሽ ይወጣሉ፤ ከሩቅ ሲታዩ ደግሞ ከተራው ራም አይለዩም። እኔም ከዓመታት በፊት በርካሽነታቸው ተማርኬ ሁለት ገዝቼ ነበር፤ ዛሬም መሳቢያዬ ውስጥ አሉ። «ለሁሉም ኮምፒውተር ይሆናል» የሚል ሻጭ ሲገጥመኝ ግን ትዕግሥቴ ያልቃል፤ ለሁሉም የሚሆን ራም ተሠርቶ አያውቅም።

ስለዚህ ራሞቹን መልሰው፣ የድሮውን ራም ነቅለው በእጅዎ ይዘው ይሂዱ። «ዩ» ያለበት ባለ 16 ጂቢ ቢያቀርቡልዎም አይቀበሉ፤ የፕሮሰሰርዎ ትውልድ በአንድ መሰኪያ ከ8 ጂቢ በላይ አይቀበልም። ከተቻለ ኮምፒውተሩን ወስደው እዚያው ይሰካልዎት፤ ካልተቻለ «ካልሠራ ይመለሳል» የሚል ቃል ደረሰኙ ላይ ይጻፍልዎ።

ከዚያም በፊት ራም በእርግጥ ያስፈልግዎት እንደሆነ ይመልከቱ። የሒሳብ ፕሮግራሙን ፒችትሪን፣ ኤክሴልንና የተለመዱትን የኢንተርኔት ገጾች ከፍተው እንደ ወትሮው እየሠሩ፣ ታስክ ማናጀር (ኮምፒውተሩ ምን ያህል እንደተጫነ የሚያሳየው የዊንዶውስ ፕሮግራም) ውስጥ ሚሞሪ የሚለውን ይዩ። ራሙ ሞልቶ ከሆነ ኮምፒውተሩ የተረፈውን ወደ ዲስክ እያመላለሰ ስለሚሠራ መንቀርፈፉ የራም ነው። ግማሹ ባዶ ሆኖ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ግን የጨመሩት ራም ሁሉ ሥራ ፈት ይሆናል፤ የሚሽከረከረውን ሃርድ ዲስክ በኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር በሌለው ፈጣን ዲስክ) ቢለውጡት ይሻላል። ለፒችትሪና ለኤክሴል 32 ጂቢ ለምን እንዳስፈለገ ግን አልገባኝም።

ጥያቄ፦ ዲዲአር4 ራም ዲዲአር3 መሰኪያ ላይ ትንሽ ገፋ ቢደረግ ይገባል ወይ?

መልስ፦ እባክዎ አይግፉት። በራሙ ጠርዝ ላይ የተቆረጠችው ክፍተት በየትውልዱ ቦታዋን የቀየረችው እንደ እርስዎ ያለውን ብርቱ ክንድ ለማስቆም ነው። የዴስክቶፕ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 እንኳ ሁለቱም 288 እግር ኖሯቸው እርስ በርስ አይተካኩም።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ ሁለት መሰኪያ አለው፤ አንዱ ላይ ባለ 2400 4 ጂቢ ተሰክቷል። ባለ 2666 4 ጂቢ ልጨምር ወይስ አውጥቼ አንድ 8 ጂቢ ልግዛ?

መልስ፦ ቢጨምሩ ሁለቱም በዝግተኛው በ2400 ይሠራሉ እንጂ አይጣሉም። ሁለት እኩል ራሞች ጎን ለጎን ሲሠሩ መረጃ በሁለት መስመር ስለሚፈስ፣ በተለይ የተለየ የግራፊክስ ካርድ ለሌለው ላፕቶፕ ይጠቅማል። ወደፊት 16 ጂቢ ለማድረስ ካሰቡ ግን አሁን አንድ 8 ይግዙ፤ ያለዚያ ዛሬ የገዙትን 4 ነገ ነቅለው ይጥሉታል።

ጥያቄ፦ 8 ጂቢ ሰክቼ ዊንዶውስ 7 የሚጠቀመው 3.25 ብቻ ነው፤ ተጭበርብሬ ነው?

መልስ፦ አልተጭበረበሩም። የጫኑት ዊንዶውስ ባለ 32 ቢት ስለሆነ ከ4 ጂቢ በላይ አይደርስም፤ ባለ 64 ቢቱን ያስጭኑ። የድሮው የአማርኛ መጻፊያ እንዳይጠፋብዎ ስለ መፍራትዎ፦ ለ32 ቢት የተሠሩ ፕሮግራሞች በ64 ቢትም ባብዛኛው ይሠራሉ፣ የ16 ቢቶቹ ግን አይሠሩም። ሰነዶችዎን አስቀድመው ሌላ ቦታ ይገልብጡ።

ጥያቄ፦ ሪያድ ያለችው እህቴ ባለ 8 ጂቢ ማክቡክ ኤር ኤም1 ልትልክልኝ ነው፤ ራሙን እዚህ ላስጨምር?

መልስ፦ ራሙ ከፕሮሰሰሩ ጋር አንድ ላይ የታሸገ በመሆኑ የሚጨመርበት መንገድ የለም። «እጨምርልሃለሁ» የሚል ቢገኝ አይስጡት። ካልገዛችው ዛሬውኑ ደውለው ባለ 16 እንድትፈልግ ይንገሯት።

ጥያቄ፦ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኮምፒውተሬ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ፤ አሁን አይነሣም። ወንድሜ «ራሙ ነው» ብሎ ፓወር ሳፕላዩን ሊከፍተው ነው።

መልስ፦ ያስቁሙት! ፓወር ሳፕላይ ከሶኬት ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያሉት ካፓሲተሮች አደገኛ ኃይል ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ሳይከፍት ሙሉውን ወደ ቴክኒሻን ይውሰደው። ይህንን ለወጉ ያህል አይደለም የምለው፤ እዚህ ላይ ቀልድ የለኝም።

ጥያቄ፦ አቧራ ካጸዳሁ በኋላ ኮምፒውተሬ ደጋግሞ ይጮኻል፤ ራሙን በላጲስ አሽ የሚሉኝ እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። ከሶኬት ነቅለው፣ የብረት አካሉን በእጅዎ ነክተው፣ ራሙን ያውጡና ወርቃማ እግሮቹን በነጭ ላጲስ በቀስታ ይሹ፤ ፍርፋሪውን አራግፈው ሁለቱም ጫፍ ቀጭ ብሎ እስኪይዝ ይሰኩት። ካልሆነ ቴክኒሻን ይየው።