ከሥራ ስገባ ሁለቱም ይከሱልኛል

ጥያቄ (በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ጊዜ የተጻፈ)፦ የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፤ አራተኛ ፎቅ፣ ባለ አንድ መኝታ። እኔ ፋርማሲ ስለምሠራ በየቀኑ እወጣለሁ። ባለቤቴ የቱር መኪና ሹፌር ነው። ድሮ ወሩን አብዛኛውን ፊልድ ነበር፤ በኮሮና ምክንያት ቱሪስት ከቀረ ወዲህ ግን ቤት ዋለ። የ15 ዓመት ልጃችን የትምህርት ቤቱን ወርክሺት የሚያወርደው በአባቱ ስልክ፣ በቴሌግራም ነው። አባቱ ደግሞ «ከቢሮ ይደውሉልኝ ይሆናል» እያለ ስልኩን አይለቅም። በዚህ ሲጨቃጨቁ ይውላሉ። ማታ ማስኬን ሳላወልቅ ሁለቱም ይከሱልኛል። አሁንማ ጭራሽ ተኳርፈው «ንገሪው»፣ «በይው» ብቻ ሆኗል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ጠቡ በስልኩ ብቻ የመጣ አይመስለኝም። ሁለት ስልክ ብትገዢም ሌላ ሰበብ አያጡም።

ባለቤትሽ ለዓመታት የሁለትና የሦስት ቀን እንግዳ ነበር። ከላሊበላ ወይ ከኦሞ ሲመለስ ትከቡታላችሁ፣ ሳይሰለቻችሁ ተመልሶ ይሄዳል። ቤቱን ግን ያለ እሱ ነው የለመዳችሁት። ውሃ በየትኛው ቀን እንደሚመጣ፣ ልጁ መቼ እንደሚያጠና፣ የቱ ጄሪካን ለመጠጥ እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። እሱ ከመጋቢት ወዲህ ገና እየተማረው ነው። አዛዥነቱን ግን ከመማሩ በፊት ጀመረው። ልጁ «አንተ ምን ታውቃለህ» የሚል ፊት ቢያሳየው አልገረምም።

ስልኩን አለመልቀቁን ደግሞ እንዲህ እይው። ሥራው ቆሟል፣ የታክሲ ዋጋ እጥፍ ሆኗል፣ አስቤዛው ባንቺ ደሞዝ ነው። ያ የማይደወለው ስልክ ሹፌር ነኝ ብሎ የሚይዘው የመጨረሻ ነገሩ ነው። ልጁ ሲወስድበት የሚሰማው ሌላ ነው። ይህን ለልጁ አትተንትኚለት፤ አንቺ ብቻ እወቂው።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። በደህናው ጊዜ ቢሆን አጎት ወይ የሰፈር ሽማግሌ ጠርቶ «ተው እንጂ» ይላቸው ነበር። አሁን በኮሮናው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ስለተከለከለ ሽማግሌውም ዳኛውም አንቺ ሆነሻል። ችግሩ ደግሞ እዚህ ላይ ነው፤ አንቺ መልእክት እያመላለስሽ እነሱ እንዴት ይነጋገሩ? አንቺ ባትኖሪ እስከ ማታ ቢያንስ «ስልኩን አምጣ» ይባባሉ ነበር።

ስለዚህ ከነገ ጀምሮ ክስ አትስሚ። እጅሽን ታጠቢ፣ ልብስሽን ቀይሪ፣ ተቀመጪ። «እሱን ከአባትህ ጋር ጨርሱት» በይው። ለባለቤትሽም እንደዚሁ፤ ግን ልጁ ፊት አይሁን። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቤቱ ይብሳል እንጂ አይሻለውም። ሁለቱም አንቺን ያኮርፋሉ። ቻይው።

የስልኩን ሰዓት ራሳቸው ይከፋፈሉት። ወርክሺት ማውረድ ቀኑን ሙሉ አይፈጅም፤ ልጁ ወደ ደብተሩ ገልብጦ ስልኩን ይመልስ። በዚያ ሰዓት ስልክ ቢደወል ልጁ ሮጦ ይስጠው። ይህን ቃል መግባት ያለበት ለአባቱ ነው፣ ላንቺ አይደለም።

ለባለቤትሽ «እስቲ አግዘኝ» አትበይው፤ እገዛ የእንግዳ ነው። አንድ ነገር ሙሉ በሙሉ አስረክቢው። እኔ ብሆን ውሃውን እሰጠው ነበር፤ መቼ እንደሚመጣ ተከታትሎ፣ ጄሪካን ሞልቶ፣ አራተኛ ፎቅ ድረስ ማውጣት። ልጁን ይዞ ይውረድ። ጎረምሳ ልጅ ፊት ለፊት አስቀምጠሽ «እንነጋገር» ስትይው ይዘጋል፤ ጎን ለጎን ሸክም ይዞ ደረጃ ሲወጣ ግን ያወራል። ጄሪካኑን ያለቦታው ቢያስቀምጡት እንዳላየሽ እለፊ። (ይህ ካልኩሽ ሁሉ ሳይከብድሽ አይቀርም።)

የሳምንቱን የአስቤዛ ብርም አንድ ላይ ስጪው። ለሽንኩርት፣ ለካርድ እያለ በየቀኑ እጁን እንዲዘረጋ አታድርጊው።

በደብዳቤሽ ያልነገርሽኝ አንድ ነገር አለ። እጅ መሰንዘር ካለ፣ በልጁም ሆነ ባንቺ ላይ፣ ከላይ ያልኩት ሁሉ ይቅር። ያኔ ሁለቱን ብቻቸውን «ጨርሱት» ብለሽ አትተዪ። የምታምኚው ዘመድ ዘንድ ሂጂ፤ ለፖሊስ ወይም ለወረዳችሁ የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤት አመልክቺ። አዋጁ ከቤት አትውጪ አይልም።