ድልድዩን ማን አፈረሰው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ባለቤቴ 44 ዓመቱ ነው፤ ባንክ ይሠራል፤ በመሥሪያ ቤቱም በሠፈሩም በትዕግሥቱ የታወቀ ሰው ነው። ከጥቂት ወራት ወዲህ ግን እራት ተበልቶ ገበታው ሲነሳ ከ16 ዓመቱ ልጃችን ጋር ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጥና ሌላ ሰው ይሆናል። የሚጫወቱት ብሮፎርስ የሚባል ነው አሉ። አንድ ቀን ቆሜ ለማየት ሞከርኩ። ትንንሽ ሰዎች ይሯሯጣሉ፣ ሁሉም ነገር ይፈነዳል፣ የትኛው ባለቤቴ የትኛው ልጄ እንደሆነ እንኳን መለየት አልቻልኩም። «ድልድዩን ለምን አፈረስክብኝ!» ብሎ ይጮኻል፤ ልጁ «አንተ ነህ!» ይላል፤ ወዲያው ደግሞ ሁለቱም ይንከተከታሉ። ለመሆኑ ከዚህ ሁሉ ትርምስ ምን ያገኛሉ? ልከልክላቸው?
(የሁለት ልጆች እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይከልክሏቸው። የድልድዩን ጉዳይ ግን ለመዳኘት ይከብደኛል፤ እዚያ ጨዋታ ውስጥ ድልድይ ያላፈረሰ ሰው የለም። እኔም ባለፈው እሑድ የእህቴን ልጅ ከነድልድዩ ገደል ከትቼው ለግማሽ ሰዓት አኩርፎኛል።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳዎት። ጨዋታውን የሠሩት በደቡብ አፍሪካ፣ በኬፕ ታውን የሚገኙ ፍሪ ላይቭስ የሚባሉ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2012 በጥቂት ቀናት ጨዋታ ሠርቶ ለማቅረብ በሚደረግ ውድድር ላይ ጀመሩት፤ ሙሉው በ2015 ወጣ። የአሜሪካን የተኩስ ፊልም ጀግኖች ከያሉበት ለቅመው በየስማቸው ውስጥ «ብሮ» (በእንግሊዝኛ «ወንድሜ» እንደማለት) የምትል ቃል ሰነቀሩባቸው፤ ራምቦ «ራምብሮ»፣ ሮቦኮፕ «ብሮቦኮፕ» ሆኑ። ባለቤትዎ በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው ስለሆነ እነዚህን ጀግኖች በልጅነቱ ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጣቦ ሳያያቸው አይቀርም። ያኔ በአድናቆት ያያቸው ሰዎች ዛሬ መቀለጃ ሆነው ሲመጡለት ቢስቅ አይፍረዱበት።

ትርምስ ያሉት ነገር ደግሞ ከጥቂት ደንቦች የሚወለድ ነው። አንዲት ጥይት ካገኘችዎት ይሞታሉ። መሬቱ፣ ግድግዳው፣ ድልድዩ ሁሉ ከትንንሽ ካሬዎች የተገጣጠመ ስለሆነ የማይፈርስ ነገር ማግኘት ይከብዳል። በርሜል ሲመታ ይፈነዳል፤ ከሥሩ ያለው አፈር የተነቀለበት ቋጥኝ በሰው ራስ ላይ ይወርዳል። እንበልና ባለቤትዎ ከድልድዩ ማዶ አንድ ጠላት አየ። ቦምብ ወረወረ። ቦምቡ ጠላትን ስቶ አጠገቡ የቆመውን በርሜል አገኘ፤ በርሜሉ የጋዝ ሲሊንደሩን ለኮሰው፤ ሲሊንደሩ እንደ ሮኬት ተወንጭፎ የድልድዩን ወገብ መታው። ልጅዎ በዚያች ቅጽበት ድልድዩ ላይ ነበር። ይህ ሁሉ ሲሆን ሁለት ሰከንድ አይሞላም። እንግዲህ ድልድዩን ማን አፈረሰው ይላሉ? ባለቤትዎ ነው፤ ግን አስቦበት አይደለም፤ ልጅዎም ይህን ስለሚያውቅ ነው የሚስቀው።

አንድ ሌላ ነገር አለ። በየጥጉ በፍርግርግ ውስጥ የታሰሩ ሰዎች አሉ። አንዱን ሲፈቱ አንድ ነፍስ፣ ማለትም ሞተው የመመለስ ዕድል፣ ይጨመርልዎታል፤ ነገር ግን በዚያው ቅጽበት እርስዎ ራስዎ ተለውጠው ሌላ ጀግና ይሆናሉ። መትረየስ ታጥቆ ሲፎክር የነበረ ሰው በድንገት ሰይፍ ብቻ ይዞ ጠላት መካከል ቆሞ ይገኛል። ሲጫወቱ ነፍሱ ያለቀበትም ሰው የሚመለሰው ጓደኛው እስረኛ ሲፈታለት ነው። ዛሬ ማታ ጆሮዎን ጣል ያድርጉ፤ ከጩኸቱ ግማሹ «ፍታው! ፍታው እንጂ!» የሚል መሆኑን ይሰማሉ። ሞቶ የሚጠብቀው ልጅ አባቱን እየለመነ ነው።

እኔ ይህን በሽታ የያዘኝ በኮንትራ ነው። ኮንትራ የጃፓኑ ኮናሚ ኩባንያ የሠራው የተኩስ ጨዋታ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1987 በሳንቲም በሚሠሩ ማሽኖች ላይ ወጣ፣ በዓመቱ ደግሞ ለቤት መጣ። እኛ ቤት የደረሰው ግን ዘግይቶ፣ በ1988 ዓ.ም. ነው፤ ካሴቱ አልነሳ ሲል አፉ ላይ እፍ እያልን፣ መብራት በሄደ ቁጥር ከመጀመሪያው እየጀመርን። ሦስተኛው ደረጃ ፏፏቴ ነው። ከድንጋይ ድንጋይ እየዘለሉ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ስክሪኑ የሚከተለው የሚወጣውን ነው፤ ከታች የቀረው ሰው ከስክሪኑ ጠርዝ ሥር ገብቶ ይሞታል። ጥይት ሳይነካው፣ ጠላት ሳያየው! እኔ ቀልጣፋ ነበርኩ፤ ታላቅ ወንድሜ ረጋ ያለ ነው። የመጨረሻ ነፍሱን እዚያ ፏፏቴ ላይ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ዛሬ 50 ሊሞላው ምንም አልቀረው፣ በየበዓሉ ዶሮው ሳይቀርብ ይህ ወሬ ይቀርባል። «ቆይ እያልኩህ ወጣህ» ይላል። እኔ ደግሞ ቆይ ሲለኝ አልሰማሁም።

ለጥያቄዎ የምሰጠው መልስ እንግዲህ እዚያ ፏፏቴ ላይ ነው ያለው። አሁን ልጆች በየክፍላቸው፣ በየስክሪናቸው፣ ጆሮአቸውን ደፍነው የሚተኩሱባቸው ጨዋታዎች እጅግ ያምራሉ፤ ሣሩ እንኳን ሲወዛወዝ ይታያል። እኔን ግን አይዙኝም። የብሮፎርስ ሥዕል ከእነዚያ አጠገብ ሲቀርብ የሕፃን ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን ስክሪኑ አንድ ነው፤ የአንዱ ስሕተት ሌላው እግር ሥር ይፈነዳል። ባለቤትዎ ቀኑን ሙሉ ባንክ ውስጥ የአንዲት ዜሮ ስሕተት ሲጠብቅ የሚውል ሰው ነው። ማታ ድልድይ አፍርሶ፣ ልጁን ገድሎ፣ ከአፍታ በኋላ ልጁ ተመልሶ አጠገቡ ሲዘል ያየዋል። ይህ ደስ የማይለው የባንክ ሠራተኛ ካለ አላውቀውም።

እንከን የለውም አልልም። ባዕድ ፍጡራን የሚመጡበት ክፍል ላይ ሲደርሱ ትርምሱ ከመጠን ያልፍና እኔም እንደ እርስዎ ራሴን ማግኘት ያቅተኛል፤ ከአንድ ሰዓት በላይም ጆሮ ያደክማል። ደም ደግሞ አለው፤ ነጠብጣቡ ትንሽ ቢሆንም ብዙ ነው። ሁለተኛው ልጅዎ ገና ትንሽ ከሆነ እርሱ ባለበት አይጫወቱት። ባይሆን እርሱ ከተኛ በኋላ እርስዎ ይቀላቀሉ፤ ጨዋታው እስከ 4 ሰው ይቀበላል። ጆይስቲክ ይግዙና አባትና ልጅ ሲከራከሩ ሄደው እስረኛውን ይፍቱ።

ጥያቄ፦ አጎቴ ኮንትራን በ30 ነፍስ ይጫወት እንደነበር ይምላል። እውነት ነው ወይስ እያታለለኝ ነው?
(ወጣት አንባቢ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ አጎትህ አልዋሸም። ኮንትራ የሚሰጥህ 3 ነፍስ ነው፤ ርዕሱ ስክሪኑ ላይ ሲታይ «ላይ፣ ላይ፣ ታች፣ ታች፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ፣ ቢ፣ ኤ» ብለህ ስታርት ስትጫን 30 ይሆናል። ምስጢሩን የፈጠረው ካዙሂሳ ሃሺሞቶ የሚባል የኮናሚ ባለሙያ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 የወጣውን ግራዲየስ የሚባል የጠፈር ጨዋታ ለቤት ማጫወቻ ሲያዘጋጅ ጨዋታው ለራሱ ከበደው፤ ለመፈተሽ እንዲቀለው ብሎ አስገባት፤ ሳትወጣ ገበያ ላይ ዋለች። ሃሺሞቶ በ2020 ዐረፈ። ሁለት ሆናችሁ ከሆነ የምትጫወቱት፣ ከስታርት በፊት ሴሌክት መጫን አትርሱ። እኔና ወንድሜ ይህን የሰማነው ካሴቱ ከሞተ በኋላ ነው።