«ግምትና ምጣኔ አታቀላቅሉ»፦ የገማቾች ማኅበርን ስለ መምራት የድሬና የሐረር አባላት ጥያቄ፣ የቀድሞ ሰብሳቢ መልስ

ሁለት የሥራ ዘመን የንብረት ግብር ገማቾችን ማኅበር በሰብሳቢነት መርቻለሁ፤ ዛሬ ተራ አባል ነኝ። አዲስ ሥራ አስፈጻሚ ልንመርጥ ስለሆነ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል፤ ግምትና ምጣኔ አታቀላቅሉ። ገማች ዋጋ ይገምታል፤ ምጣኔ የሚያወጣው፣ ማለትም ታክሱ ስንት በመቶ እንደሚሆን የሚወስነው፣ ምክር ቤት ነው። (ጠያቂዎቹ የተጠሩት ባብዛኛው በሰፈራቸው ነው፤ ሳቢያን፣ ነምበር ዋን፣ መጋላ፣ ከዚራና ገንደ ቆሬ የድሬዳዋ ሰፈሮች ናቸው፣ ደቻቱ የከተማዋ ወንዝ ነው።)

የሳቢያን ልጅ፦ ጋሼ፣ ሰብሳቢ ሆኜ ብመረጥ ከምን ልጀምር?

መልስ፦ መተዳደሪያ ደንቡን አንብብ። የአባላት መዝገብ፣ የባንክ ሂሳብና ማኅተም በቃለ ጉባኤ ተረከብ። በቃል የተረከብከው ነገር ነገ ያንተ ጥፋት ሆኖ ይመጣል። ቃለ ጉባኤ ያዝ።

ነምበር ዋን፦ ደመወዛችን ዝቅተኛ ነው። ማኅበሩ ከመንግሥት ጋር ተደራድሮ ያስጨምርልን።

መልስ፦ አይችልም። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመንግሥት ሠራተኛን አይመለከትም፤ እኛም የሙያ ማኅበር እንጂ የሠራተኛ ማኅበር አይደለንም። ስለ ሥልጠና፣ ስለ መስክ ሥራ ደኅንነት፣ ስለ ሙያ ደረጃ መናገር እንችላለን። ደመወዝ አስጨምራለሁ ብሎ የሚወዳደር ካለ አትምረጡት።

የመጋላ ገማች፦ የቀፊራ ገበያ ነጋዴዎች ስብሰባ ላይ «ታክሱ ገደለን» ሲሉኝ ምን ልመልስ? መድረክ ላይ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

መልስ፦ ይሄ ጥሩ ጥያቄ ነው። አባቶቻችን «የጣሪያና ግድግዳ» የሚሉት በአዋጅ ቁጥር 80/1968 የመጣው ግብር የሚሰላው በዓመታዊ የኪራይ ግምት ነበር። በ2017 የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅ ግን ወደ ንብረቱ ዋጋ ዞሯል። ሕዝቡ የሚደነግጠው የዋጋውን ቁጥር ሲያይ ነው። አምስት ሚሊዮን የሚል ወረቀት የደረሰው ሰው አምስት ሚሊዮን የተጠየቀ ይመስለዋል።

ስለዚህ እዚያው ፊቱ አስላለት። የታክሱ መሠረት ከግምቱ 25 በመቶው ብቻ ነው፤ ከ5,000,000 ብር 1,250,000 ማለት ነው። ለሕንፃ አዋጁ ያስቀመጠው ከ0.1 እስከ 1 በመቶ ስለሆነ በዝቅተኛው 1,250 ብር፣ በከፍተኛው 12,500 ብር ይመጣል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አሥር እጥፍ ነው፤ እሱን ደግሞ ገማች አልወሰነውም። «ምጣኔው በዛ» የሚለውን ሰው ወደ ምክር ቤት ተወካዩ ምራው። «ቤቴ ይህን አያወጣም» የሚለውን ግን አንተ ስማው፤ ፋይሉን አውጣ፣ ይግባኝ የሚጠይቅበትን መንገድ አሳየው። ምጣኔውን ከደገፍክ የመንግሥት አፍ ትሆናለህ፤ ከተቃወምክ ደግሞ ግምትህን ማንም አያምንም።

ከዚራ፦ ማኅበሩ ስንት ሰው ይመሠርተዋል? የት ይመዘገባል?

መልስ፦ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011ን አንብብ። ሌላውን ጸሐፊውን ጠይቅ።

ገማቿ ከሐረር፦ ጋሼ፣ ማኅበሩ «ግምታችን ፍትሐዊ ነው» ብሎ በአደባባይ ሲናገር በምን ያረጋግጣል?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር፤ ትንሽ ታገሡኝ። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1934 የተመሠረተ፣ ኋላም ዓለም አቀፍ የሆነ የገማቾች ማኅበር አለ። እሱ የሚሰጠውን መመዘኛ እኛም ሳንጠየቅ በራሳችን ላይ ማዋል አለብን። አሠራሩ ቀላል ነው፤ የተሸጡ ቤቶችን ውሰጂ፣ ግምታችንን በሽያጭ ዋጋቸው አካፍዪ፤ የሚወጣው ቁጥር ንጻሬ ይባላል።

ለምሳሌ አምስት ቤት እንበል። 5 ሚሊዮን የተሸጠውን 3.75 ገምተናል፤ 0.75። 4 ሚሊዮኑን 3.6፤ 0.90። 2 ሚሊዮኑን 1.9፤ 0.95። 1 ሚሊዮኑን 1፤ 1.00። 800 ሺሁን 960 ሺ፤ 1.20። በቅደም ተከተል ሲደረደሩ መሐል ላይ የሚቀመጠው 0.95 ነው። መመዘኛው ከ0.90 እስከ 1.10 ስለሚል አለፍን። እያንዳንዱ ንጻሬ ከመሐሉ 0.95 ያለው የርቀት አማካይ የ0.95 መቶኛ ሆኖ ሲሰላ 11.6 ይሆናል፤ ለመኖሪያ ቤት እስከ 15 ስለሚፈቀድ እዚህም አለፍን።

ብዙ ሰብሳቢ እዚህ ላይ ያቆምና መግለጫ ይሰጣል። እባካችሁ አታቁሙ! የአምስቱን ንጻሬ አማካይ 0.96ን፣ ጠቅላላ ግምቱ ለጠቅላላ ሽያጩ ባለው ድርሻ፣ በ0.876 አካፍሉት። 1.10 ገደማ ይወጣል። የሚፈቀደው ከ0.98 እስከ 1.03 ነው። ትርጉሙ ምንድን ነው? ባለ 5 ሚሊዮኑን ዝቅ፣ ባለ 800 ሺሁን ከፍ አድርገን ገምተናል ማለት ነው። ምጣኔው ለሁሉም አንድ ቢሆንም ደሃው ከሀብታሙ ይልቅ ከባድ ሸክም ተሸከመ። ይህን ያደረገው ምክር ቤት አይደለም፣ እኛ ነን። ማኅበር የሚያስፈልገው ይህን ቀድሞ አይቶ ራሱን እንዲያርም ነው።

የሳቢያን ልጅ፦ ግን ጋሼ፣ ውል ላይ የሚጻፈው ዋጋ እውነተኛ አይደለምኮ። ክፍያ እንዳይበዛበት ዝቅ አድርጎ የማያስጽፍ ማን አለ?

መልስ፦ ልክ ነህ። ያ ዋጋ ሳይጣራ ከገባ ንጻሬው ከፍ ብሎ ይወጣል፤ እኛም ያለ ጥፋታችን ከመጠን በላይ የገመትን እንመስላለን። ደላላውን፣ ጎረቤቱን፣ የባንክ ብድር ግምቱን አመሳክሩ። የማይታመነውን ሽያጭ አውጡት፣ ለምን እንዳወጣችሁትም በቃለ ጉባኤ ይያዝ።

ገማቿ ከሐረር፦ ጁገል፣ በግንቡ ውስጥ ባለው አሮጌው ሐረር፣ ሽያጭ ራሱ ከየት ይመጣል? ቤቱ ከአያት ለልጅ ነው የሚተላለፍ። በምትክ ዋጋ፣ ማለትም ቤቱን እንደገና ለመሥራት በሚወጣው ገንዘብ፣ ካልን ደግሞ ነደባው (የሐረሪ ቤት መቀመጫ መደብ)፣ የድንጋይ ግድግዳው ሲሠራ የሚፈጀው ገንዘብ ባለቤቱን ያስለቅሰዋል። ቅርስ ስለሆነ እንደፈለገው አፍርሶ አይሠራበትም።

ከዚራ፦ ለሐረር ብቻ ልዩ መለኪያ ይውጣ ነው የምትይው? የኛ የባቡር ዘመን ቤቶችስ?

ገማቿ ከሐረር፦ ልዩ አላልኩም። ጁገል ከ1998 ጀምሮ የዓለም ቅርስ ነው። ባለቤቱ የማይጠቀምበትን መብት እንዳለው አድርገን አንገምትበት ነው ያልኩት።

የደቻቱ ዳር ነዋሪ፦ በዚያው በሐምሌ 1998 ደቻቱ ሞልቶ ሰው ሲበላ እናንተ የት ነበራችሁ? የወንዙን ዳር ቤት ዛሬም ማንም በደህና ዋጋ አይገዛውም፤ በምትክ ዋጋ ስትገምቱት ግን ከሳቢያን ቤት እኩል ይሆናል።

ከዚራ፦ ያ የጎርፍ መከላከያ ጉዳይ ነው፣ የገማች አይደለም።

የደቻቱ ዳር ነዋሪ፦ ግምቱ የኔ ቤት ላይ ሲጻፍ የገማች ነው ወንድሜ!

መልስ፦ በቃ፣ ከከተማ ክርክር ውጡልኝ። የሐረሯ እህታችንም የደቻቱ ወንድማችንም የሚሉት አንድ ነገር ነው። ምትክ ዋጋ ቤቱን ለመሥራት የሚወጣውን ይነግራል፤ ቅርስ የሚጥለውን ገደብም ሆነ የጎርፍ ስጋትን ግን አያይም። ስለዚህ ከምትክ ዋጋው ላይ ተቀናሹ በግልጽ ይጻፍ፣ ምክንያቱ ይቀመጥ። ከዚራ ያነሳኸው የባቡር ዘመን ቤትም በዚሁ ይዳኛል፤ ለማንም በልዩ ሁኔታ አይደረግም።

አዲስ አባል፦ ስለ ማኅበር አመራር ጠቅለል ያለ ሐሳብ ቢሰጡን?

መልስ፦ ጠቅለል ያለ ጥያቄ አልመልስም። የገጠመህን ነገር ይዘህ ና።

ገንደ ቆሬ፦ ለመንገድ ሲፈርስ የሚከፈለው ካሳ ከታክስ ግምቱ ጋር ለምን አይገጥምም?

መልስ፦ የካሳው በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ነው የሚሄደው፤ ዓላማውም አሠራሩም ሌላ ነው። አንዱን ለሌላው ማስረጃ አታድርጉ።

ነምበር ዋን፦ ታክሱ ሲበዛ ማኅበሩ ለሕዝቡ ቢቆም ምን አለበት?

መልስ፦ ለመጋላው ገማች መልሻለሁ፣ ወደ ላይ ተመለስና አንብብ። ግምትና ምጣኔ አታቀላቅሉ! ለሦስተኛ ጊዜ አልናገርም።

የመጋላ ገማች፦ ጋሼ፣ ሰብሳቢ በነበሩ ጊዜ የሚጸጽትዎት ነገር አለ?

መልስ፦ አለ። አንድ ጋዜጠኛ ስለ አንድ የሚያውቀው ሰው ቤት ጠየቀኝ። ፋይሉን ሳላይ «ግምቱ ትክክል ነው» አልኩ። የቤቱ ባለቤት ባሏ የሞተባት እናት ነበረች፤ ይግባኟ ገና አልታየም ነበር። ኋላ ሲጣራ የወለሉ ስፋት በስህተት ተመዝግቦ ተገኘ። ተስተካክሎላታል፤ ግን የማኅበሩ ሰብሳቢ አስቀድሞ ፈርዶባታል ተብሎ ብዙ ተጉላልታለች። ቤቷ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩ። ከዚያ ወዲህ ስለ አንድ ነጠላ ቤት በማኅበሩ ስም ተናግሬ አላውቅም፤ እናንተም አትናገሩ። ዘመድህ፣ ጎረቤትህ ወይም አከራይህ የሆነ ሰው ጉዳይ ሲነሳ ደግሞ ከስብሰባው ውጣ፣ መውጣትህም በቃለ ጉባኤ ይመዝገብ።

ገማቿ ከሐረር፦ የንጻሬ ጥናቱን ልንጀምር ነው። አምስት ቤት ይበቃናል?

መልስ፦ አምስቱ ለምሳሌ ነው፤ በአምስት ቤት በአንድ ሰፈር ላይ አይፈረድም። ያገኛችሁትን የተጣራ ሽያጭ ሁሉ በሰፈር ለዩት። ትንንሾቹን ቤቶች ለብቻ አስሉ፣ የሚጎዱት እነሱ ናቸው። ስትጨርሱ ሠንጠረዡን ላኪልኝ፣ ቁጥር በቁጥር አብረን እናየዋለን።